«ቆንጆ ነው» ከማለት ባሻገር፦ በኮምፒውተር በሚፈጠሩ የዱር እንስሳትና የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ላይ ግብረ መልስ መስጠትና መቀበል

መግቢያ

የሳነቴ አምባ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ባለፈው ዓመት ለአንድ የዲጂታል ሥዕል ኮርስ ይህንን አምባ በኮምፒውተር ሠርቼ ለክፍል ጓደኞቼ አቀረብሁ። በሥዕሉ ላይ በሩቅ የቱሉ ዲምቱ ጉብታ፣ በመካከል የጅብራ ተክሎች፣ ከፊት ደግሞ አንድ ቀይ ቀበሮ ይታዩ ነበር። ርእሱን «እኩለ ቀን በሳነቴ» ብዬዋለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎች በየተራ «ቆንጆ ነው»፣ «እውነተኛ ፎቶ ይመስላል»፣ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» አሉ። በመጨረሻ ባሌ ውስጥ ያደገ አንድ ተማሪ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ሲመለከት ከቆየ በኋላ፣ «ቀበሮው የእኛ ነው፤ ፀሐዩ ግን የሌላ አገር ነው» አለ።

ያን ጊዜ አባባሉ አልገባኝም፤ ጥቂትም ቅር ብሎኝ ነበር። ወደ ሥራዬ ተመልሼ ስመረምር ግን የፀሐይዋን ከፍታ እኔ እንዳልወሰንሁት ተረዳሁ። ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚሰጠው መነሻ ልክ እንደነበረ ቀርቶ ኖሯል። በ«እኩለ ቀን» ሥዕሌ ውስጥ የቀበሮው ጥላ ከራሱ ቁመት በብዙ እጥፍ ይረዝም ነበር።

ይህ አጭር ጽሑፍ ከዚያ ገጠመኝ ተነሥቶ አንድ ሐሳብ ያቀርባል። በኮምፒውተር በተፈጠረ የተፈጥሮ ሥዕል ላይ የሚሰጥ ግብረ መልስ ፍሬ የሚያፈራው ሦስት ነገሮችን ለይቶ ሲያይ ነው፤ እነዚህም ማሽኑ በራሱ የወሰነው፣ ሠዓሊው ያላወቀው፣ እና ሠዓሊው አውቆ የመረጠው ናቸው። ሦስቱም በገጽታቸው «ስህተት» ሊመስሉ ይችላሉ። መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው፤ ሦስተኛው እንዲያውም መፍትሔ ላያስፈልገው ይችላል።

ሥዕሉ እንዴት ይፈጠራል?

ስለ አንድ ሥራ ለመናገር አሠራሩን በመጠኑም ቢሆን ማወቅ ይገባል። ቤንዋ ማንደልብሮት «ፍራክታል» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1975 ካስተዋወቀ በኋላ፣ ተራራና ደመና በየደረጃው ራሱን በሚመስል ሒሳባዊ ቅርጽ ሊገለጹ እንደሚችሉ ግንዛቤው ሰፋ። ሎረን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1980 «ቮል ሊብር» በተባለው አጭር ፊልሙ በዚህ ስልት በተሠሩ ተራሮች ላይ የሚደረግ በረራ አሳየ። ኬን ፐርሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሥራ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውንና ድንጋይን፣ ጭስንና ደመናን የሚያስመስለውን የ«ኖይዝ» ስልት ለባለሙያዎች አደረሰ። እንደ ቴራጀንና ብሌንደር ያሉት የዛሬ ሶፍትዌሮች በእነዚህ መሠረቶች ላይ የቆሙ ናቸው።

የባለ ሦስት አውታር መልክዓ ምድር አሠራር በጥቅሉ አምስት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ይቀረጻል፤ ቀጥሎ አፈሩ፣ ሣሩና ድንጋዩ ገጽታ ይለብሳሉ፤ ከዚያ ጥቂት የተክል ሞዴሎች በሺህ በሚቆጠሩ ቅጂዎች በመሬቱ ላይ ይበተናሉ፤ ከዚያ እንስሳው ይቀመጣል፤ በመጨረሻ ፀሐይ፣ ሰማይና አየር ተወስነው ኮምፒውተሩ የብርሃኑን ጉዞ እያሰላ ምስሉን ያወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ሠዓሊው ያልወሰነውን ነገር ሶፍትዌሩ ይወስንለታል። በሸራ ላይ በብሩሽ የሚሠራ ሰው ጥላውን ካልሳለ ጥላ አይኖርም። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ግን ስለ ጥላ ጨርሶ ባያስብም ጥላ ይኖረዋል። በኮምፒውተር ለተፈጠረ ሥዕል የሚሰጥ ግብረ መልስ ከሌላው የሥዕል ሂስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚታየው ሁሉ የሠዓሊው ሐሳብ ነው ብሎ መነሣት አይቻልም።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰፊው የተሠራጩት፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚፈጥሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ይህንን ጉዳይ የበለጠ አጠናክረውታል። መሣሪያዎቹ የተማሩት እጅግ ብዙ ከሆኑ ምስሎችና ከመግለጫዎቻቸው ስለሆነ፣ ዝርዝር ትእዛዝ ያልተሰጠበትን ቦታ ሁሉ አዘውትረው ባዩት ይሞሉታል። የእኛ ቋንቋ ተጠቃሚ በዚህ ረገድ ልዩ ወጥመድ ይገጥመዋል። «ቀይ ቀበሮ» የሚለውን ስም ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሶ የጻፈ ሰው የሚያገኘው የባሌውን እንስሳ ሳይሆን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በስፋት የሚገኘውን ሌላ ዝርያ ነው። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሁለቱም ቀጭን አፍንጫ አላቸው። ነገር ግን የአውሮፓው አጭር እግርና አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የጅራት ጫፍ ሲኖረው፣ የእኛው ረጅም እግርና ወደ ጫፉ የጠቆረ ጅራት አለው። ይህንን የማያውቅ ተመልካች «ቆንጆ ነው» ብሎ ያልፋል።

ሦስቱ የጉድለት ምንጮች

የመጀመሪያው ምንጭ ማሽኑ በራሱ የወሰነው ነው። የፀሐይዋ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሳነቴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ፀሐይ ከሁሉ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ በእኩለ ቀን ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ የአንድ እንስሳ ጥላም ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ አይደርስም። በሰኔ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሥዕሌ የነበረው ረጅም የቀትር ጥላ በሰሜን አውሮፓ ክረምት ትክክል ይሆን ነበር። «ፀሐዩ የሌላ አገር ነው» ያለው ተማሪ ይህንን ስሌት አልሠራም፤ ነገር ግን ዓይኑ ያውቀዋል።

የአየሩ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ሶፍትዌሮች ርቀትን ለማሳየት ሩቁን ነገር በሰማያዊ ጉም ያደበዝዙታል። በ4000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብርሃኑን የሚበትነው አየር ስለሚሳሳ፣ ጥርት ባለ ቀን ሩቅ ተራራ ቅርብ ይመስላል፤ ጥላው ይጠቁራል፤ ሰማዩም ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ለቆላ የተሰላ ጉም የደጋውን አምባ ያለ ቦታው ወስዶ ያስቀምጠዋል።

ሁለተኛው ምንጭ ሠዓሊው ያላወቀው ነው። በሥዕሌ ውስጥ ያሉት ጅብራዎች ሁሉ ያበቡ ነበሩ፤ ምክንያቱም የሠራሁት ሞዴል አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ያበበ ነበር። ጅብራ ግን ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ቆይቶ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። በአንድ ሜዳ ላይ መሬት የነካ ለጋ ቅጠል፣ ግንድ ያወጣ ጎልማሳ፣ ከአምስት ሜትር በላይ የተመዘዘ አበባና ደርቆ የቆመ አገዳ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሁሉም እኩል ያበቡበት ሜዳ ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ ሳላስበው የተክሉን ዕድሜ ከሥዕሉ አስወጥቶታል። መጠንም ከዚሁ ምድብ ይቈጠራል። የቀይ ቀበሮ ትከሻ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአጠገቡ የቆመው ያበበ ጅብራ ብዙ እጥፍ ሊበልጠው ይገባል።

ሦስተኛው ምንጭ ሠዓሊው አውቆ የመረጠው ነው። ከጓደኞቼ አንዱ «ቀበሮው ለምን ብቻውን ሆነ? እነዚህ በመንጋ አይደለም እንዴ የሚኖሩት?» ሲል ጠይቆ ነበር። አዎ፣ በቤተሰብ መንጋ ይኖራሉ፤ ክልላቸውንም በጋራ ይጠብቃሉ። ምግባቸውን የሚፈልጉት ግን በአብዛኛው በቀን፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ነው፤ ምክንያቱም ዋና ምግባቸው ትልቁ ፍልፈልና ሌሎች የአይጥ ወገኖች ናቸው። ብቸኝነቱ ሆን ብዬ ያደረግሁት፣ እውነትነትም ያለው ነገር ነበር። ጥያቄው ግን ከንቱ አልነበረም። ተመልካቹ ቀበሮው እያደነ መሆኑን እንዳላየ ነገረኝ፤ ስለዚህ የእንስሳውን አንገት ዝቅ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አድርጌ ከፊቱ የፍልፈል ጉድጓድ ጨመርሁ።

ስለ ሰጪው

ኤድመንድ ፌልድማን በሥዕል ትምህርት ዘንድ የታወቀውን የሂስ አካሄድ በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ እነርሱም መግለጽ፣ መተንተን፣ መተርጐምና መፍረድ ናቸው። የዚህ ቅደም ተከተል ዋና ጥቅም ፍርድን ወደ መጨረሻ ማዘግየቱ ነው። «አንድ ነገር ይጎድለዋል» የሚለው አስተያየት ከመጨረሻው ደረጃ የሚነሣ ፍርድ ነው። ሠዓሊው ይዞት ወደ ሥራው ሊመለስ አይችልም። «ጥላው ረጅም ነው፤ ርእሱ ግን እኩለ ቀን ይላል» የሚለው ግን የሚታየውን ገልጾ ከሥዕሉ ዓላማ ጋር ያገናኘዋል። ሠዓሊው ከዚህ በኋላ ጥላውን ያሳጥር ወይም ርእሱን ይለውጥ፣ ምርጫው የራሱ ነው።

ከአቀራረብ ባሻገር የአስተያየቱ ትኩረትም ወሳኝ ነው። ክሉገርና ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ክለሳ፣ ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም ከሲሶ በላይ በሆኑት ሁኔታዎች ውጤቱን ዝቅ እንዳደረገው አሳይተዋል። እንደ ማብራሪያቸው፣ ትኩረቱ ከሥራው ርቆ ወደ ሰውዬው ማንነት በተጠጋ መጠን የግብረ መልሱ ጥቅም ይቀንሳል። ይህ ለወቀሳም ለምስጋናም ይሠራል፤ «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» የሚለው ምስጋና ስለ ሥዕሉ አንዳች አይናገርም። ሃቲና ቲምፐርሊም እ.ኤ.አ. በ2007 ጥሩ ግብረ መልስ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ እንደሚሰጥ ጽፈዋል፤ ግቡ ምንድን ነው፣ ሥራው አሁን የት ደርሷል፣ ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚሉት ናቸው።

በእኛ ዘንድ ሌላም እንቅፋት አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። የሰውን ጉድለት በሰው ፊት መናገር ድፍረት ስለሚመስል፣ አስተያየት ሰጪው በምስጋና ይሸፍነዋል ወይም ለብቻው ለሌላ ሰው ያወራዋል። ይሁን እንጂ ባህላችን የአደባባይ እርማትን የማያውቅ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ሆኖ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለውን፣ ምሥጢሩ ያልገጠመውን ያርማል። የሚታረመው ቅኔው ነው፤ ተማሪው በነጋታው ሌላ ቅኔ ይዞ እንደሚመጣ ይጠበቃል። ለክፍል ውይይታችን ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ እርማት መደበኛና የሚጠበቅ ሲሆን ከስድብነት ጋር የነበረው ዝምድና እንደሚቋረጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰጪው ከምን እውቀት እንደሚናገር ቢገልጽ መልካም ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ የተደጋገመውን የሣር ቅጂ ቀድሞ ያያል፤ የሥነ ሕይወት ተማሪ የእንስሳውን አቋቋም ያያል፤ አካባቢውን የኖረበት ሰው ብርሃኑን ያያል። አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም። በእኔ ክፍል ወሳኙን አስተያየት የሰጠው ሶፍትዌሩን ከፍቶ የማያውቀው ተማሪ መሆኑ ይህንን ያስረዳል።

ስለ ተቀባዩ

ግብረ መልስ ጥራቱ የሚወሰነው በሰጪው ብቻ አይደለም። ሠዓሊዋ ሥራዋን ስታቀርብ ምንም ሳትናገር «እስቲ እዩልኝ» ካለች፣ «ቆንጆ ነው» የሚለውን መልስ ራሷ ጋብዛለች። የውዝዋዜ ባለሙያዋ ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረችው የሂስ ሥርዓት ለዚህ ይረዳል። በመጀመሪያ ተመልካቾች ትኩረታቸውን የሳበውን ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ሠዓሊው ይጠይቃል፤ ከዚያ ተመልካቾች ፍርድ ያላዘለ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻ በሠዓሊው ፈቃድ አስተያየታቸውን ይሰነዝራሉ። ለመልክዓ ምድር ሥዕል የሚሆኑ የሠዓሊ ጥያቄዎች ለምሳሌ «የስንት ሰዓት ብርሃን መሰላችሁ?»፣ «እንስሳው ምን እያደረገ ነው?»፣ «ይህ ቦታ ቆላ ነው ወይስ ደጋ?» የሚሉ ናቸው። መልሶቹ ከታሰበው ጋር ካልገጠሙ ጉድለቱ ያለበት ቦታ በራሱ ተገለጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው የተቀባዩ ግዴታ ሁሉን እንዳለ አለመቀበል ነው። አንድ ጓደኛዬ «ሰማዩ በጣም ጠቁሯል፤ አቅልዪው» ብሎኝ ነበር። ከላይ እንደተገለጸው በዚያ ከፍታ የሰማዩ ጥልቀት ትክክል ነበር፤ ምክሩን ብቀበል ኖሮ ሥዕሉ ወደ ቆላ ይወርድ ነበር። ነገር ግን የምክሩ ስህተት የታዘበውን ነገር ከንቱ አያደርገውም። ሰማዩ የረበሸው፣ ሥዕሉ ውስጥ ቦታው ከፍ ያለ መሆኑን የሚነግረው ሌላ ምልክት ስላላገኘ ነው። ስለዚህ ሰማዩን እንዳለ ትቼ፣ አምባው ወደ ሐረና ደን በሚወርድበት ጠርዝ ከተመልካቹ ዓይን በታች የተኛ ደመና ጨመርሁ። በሚቀጥለው ውይይት ስለ ሰማዩ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከዚህ የተማርሁት፣ ተመልካች የሚረብሸውን ነገር ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ማመን፣ መድኃኒቱን ሲያዝ ግን መመርመር እንደሚገባ ነው።

ሦስተኛ፣ እርማት ዋጋ እንዳለው ማወቅ ይገባል። የፀሐይዋን ከፍታ ሳስተካክል ረጅሙ ጥላ ጠፋ፤ ከእርሱም ጋር የተመልካቹን ዓይን ወደ ቀበሮው ይመራ የነበረው መስመር ጠፋ። ሥዕሉ ትክክል ሆነ፤ ግን ደነዘዘ። ወደ ቀድሞው ልመለስ ወይስ በትክክለኛው ልቆይ በሚለው ላይ ሁለት ሳምንት ያህል አመነታሁ። በመጨረሻ ጥላውን ከእንስሳው ሳይሆን ከደመና ፈለግሁት። በአምባው ላይ የሚያልፉ የደመና ጥላዎች ሜዳውን ከፋፍለው ቀበሮውን በብርሃን ቦታ አስቀመጡት። ይህ መፍትሔ ከማንም አስተያየት አልመጣም፤ ያለዚያ የመጀመሪያ አስተያየት ግን አልፈልገውም ነበር።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተገኘ ምስል ሲቀርብ ተቀባዩ አንድ ተጨማሪ ኀላፊነት አለበት፤ ምስሉ በምን እንደተሠራ አስቀድሞ መናገር። ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰጪው የሚናገረውን ይወስናል። በባለ ሦስት አውታር ሶፍትዌር «ፀሐይዋን ከፍ አድርጊ» ማለት የአንድ ቁጥር ለውጥ ነው። በጽሑፍ ትእዛዝ በተፈጠረ ምስል ግን ያው ምክር ሙሉ ምስሉን እንደገና ማስፈጠርን፣ ወይም በእጅ መጠገንን ሊጠይቅ ይችላል። መሣሪያው ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር በአብዛኛው ሊፈጸም የማይችል ምክር ይሆናል።

ማጠቃለያ

አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በመላው ዓለም ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ የሚገኙትም በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ውስጥ ናቸው። ከአገራችን ሰው አብዛኛው ይህንን እንስሳ በሕይወቱ በዓይኑ ላያየው ይችላል፤ የሚያውቀው በምስል ነው። ምስሉ ነጭ የጅራት ጫፍ ቢኖረው፣ ፀሐዩም የሌላ አገር ቢሆን፣ በተመልካቹ ልብ የሚቀመጠው እርሱ ነው። ስለዚህ በአንድ የክፍል ሥዕል ላይ የሚሰጥ ሐቀኛ አስተያየት ከሠዓሊው ውጤት ያለፈ ፋይዳ አለው።

ለክፍል ጓደኞቼና ለቀጣይ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አቅራቢው ከሥዕሉ ጋር ሦስት አጫጭር መስመሮችን ይጻፍ፦ ቦታውንና ሰዓቱን፣ የተጠቀመበትን መሣሪያ፣ እና አውቆ ከእውነታው የለወጠውን ነገር። ሰጪው ደግሞ ከመፍረዱ በፊት ያየውን ይግለጽ፤ «ይህንን መርጠኸዋል ወይስ እንዲሁ መጣ?» ብሎም ይጠይቅ። እኔም ያንን ጥያቄ ከሌሎች ከመስማቴ በፊት ለራሴ ማቅረብ ጀምሬአለሁ፤ አዲስ ሥዕል ስከፍት መጀመሪያ የማየው ፀሐይዋ የት እንዳለች ነው።